የኋላ አሞርዛተር ዘይት ሲያፈስ፦ የወሎ ሞተረኞች ደጋግመው የሚጠይቋቸው

መካኒክ አይደለሁም። ሞተር ነጂ ነኝ። ሥራዬ ከደሴ ወደ ኩታበር፣ ወደ ሐይቅ፣ አንዳንዴም እስከ ባቲ ያመላልሰኛል። ከገበያ ገዝቼ ያስገጠምኳቸው ሁለት ጥንድ አሞርዛተሮች ዘይታቸውን ዘርግፈውብኛል። ልብ የገዛሁት በሦስተኛው ነው። ከዚያ ወዲህ የኋላው የረጠበበት ወዳጅ ሁሉ ለእኔ ይደውላል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ስለሆነ እዚህ ጻፍኩት። አሞርዛተር ስል አንዳንዶቻችሁ ሾክ የምትሉትን፣ የጎማውን ንጥረት የሚያበርደውን ባለ ሞላ ዕቃ ነው።

አሞርዛተሬ ረጥቧል። በርግጥ እያፈሰሰ ነው?

ላይሆን ይችላል፣ አብሽሩ። ማላብና ማፍሰስ ለየቅል ናቸው። አሞርዛተሩ ውስጥ ገባ ወጣ የሚለው ዘንግ ላይ ስስ የዘይት ላብ ቢታይ ችግር የለውም። ኦይል ሲሉ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ያቺ ላብ ታስፈልገዋለች። አቧራ ሲለጠፍባት ግን ከእውነቱ በላይ ታስፈራለች።

የረጠበው የግራው ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ካቴናውን ጠርጥሩ። የአብዛኛው ሞተር ካቴና በግራ በኩል ነው። ዛሬ ካቴና ቀብታችሁ ወዲያው ከነዳችሁ የሚረጨው ዘይት የግራውን አሞርዛተር ያለብሰዋል። የካቴና ዘይት ጥቁርና የሚያጣብቅ ነው። የአሞርዛተር ዘይት ቀጭን ነው፣ በጣትና በጣት መሃል ይሾልካል።

ፈተናው ቀላል ነው። ሁለቱንም በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አድርጋችሁ ጥረጉ። ከደሴ ሐይቅ ደርሳችሁ ተመለሱ። ደርሶ መልሱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ይበቃል። ስትመለሱ ነጭ ሶፍት በሞላው ክፍተት አስገብታችሁ ዘንጉ በሚገባበት አንገት ላይ ዙሪያውን አስነኩት። ሶፍቱ ትንሽ ቅባት ብቻ ከያዘ ላብ ነው። ጠጥቶ ከራሰ፣ ወይም ዘይቱ መስመር ሠርቶ ወደ ታችኛው ቡሎን ከወረደ፣ አፍስሷል።

ሌላም አለ። ሞተሩን ከዋናው መቆሚያ አውርዱና ወንበሩን በሁለት እጅ ተጭናችሁ ልቀቁ። አንዴ ተነስቶ ከረጋ ዘይቱ ሥራው ላይ ነው። ሁለት ሦስቴ ከነጠረ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው።

ፈሰሰ እንበል። ሞላው ደህና እስከሆነ ድረስ ብነዳውስ?

ሞላው ይሸከማል፣ ዘይቱ ይገላግላል። ሞላ የተጫነውን ያህል መልሶ ይወረውራል፣ ተፈጥሮው ነው። ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ያን ውርወራ ያበርደዋል። ዘይት ከሌለ ጎማው መሬቱን እየነካ እየለቀቀ ይሄዳል። መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢይዙትም አይቆም፣ ኩርባ ላይም አይታመን።

ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት፣ የማያውቅ የወሎ ሞተረኛ የለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ያን ሁሉ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ ትወርዱታላችሁ። የመጀመሪያው ጥንዴ ቀኙ የፈሰሰ ጊዜ ሰው አፈናጥጬ እዚያ ቁልቁለት ላይ ነበርኩ። ከፊቴ ያለው አይሱዙ ፍሬን ያዘ። እኔም ያዝኩ። የኋላው ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ወሰደኝ። አልወደቅንም። ዳር ይዤ ሳየው ዘይቱ ከታችኛው ቡሎን አልፎ የጎማው ጎን ላይ ደርሷል፣ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ያፈናጠጥኩት ሰውዬ «ወላሂ በእግሬ እወርዳለሁ» አለና ሚኒባስ አስቁሞ ሄደ።

ስለዚህ መልሴ ይኸው። ብቻችሁን፣ በደረቅ አስፋልት፣ ቀስ ብላችሁ፣ ዕቃው እስኪመጣ ለጥቂት ቀን ይቻላል። ሰው አፈናጦ፣ ጭኖ ወይም በዝናብ ሐረጎን መውረድ ግን አይቻልም። የኋላ ፍሬናችሁ ዲስክ ከሆነ የበለጠ ፍሩ። ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ ታጥቦ አይድንም፣ ይቀየራል።

አዲስ ያስገጠምኩት በሁለት ወሩ ለምን ፈሰሰ?

ሁሉም «ቻይና ስለሆነ ነው» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ እኛው ጋ ነው፣ ያንኑ ምክንያት ይዘን ሌላ ጥንድ እንገዛለን።

ጭነቱን አስሉት። ነጂው 65 ኪሎ፣ ሁለት ተፈናጣጭ 120፣ ከባቲ የሰኞ ገበያ የተጫነ ግማሽ ኩንታል 50። ድምሩ 235 ኪሎ ነው። ትንሽ ሞተር ራሱ የሚመዝነው ከ110 እስከ 140 ኪሎ ነው። ሞተሩ የራሱን እጥፍ ሊጠጋ ምን ቀረው? ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ «ጓ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አሞርዛተሩ መጨረሻው ድረስ ተጨቁኖ ብረት ከብረት ተጋጭቷል። ያን ጊዜ ውስጥ ያለው ግፊት የሚያርፈው ኦይል ሲሉ ላይ ነው። ዘንጉም ትንሽ ሊጎብጥ ይችላል። የጎበጠ ዘንግ ኦይል ሲሉን በአንድ በኩል እየጫነ ይበላዋል።

እዚህ ላይ ቦክሰር የሚባለውን ሞተር የምትነዱ ልብ በሉ። የቦክሰር ኦርጅናል አሞርዛተር ሞላ በሞላ ውስጥ ነው፤ ትልቁ ውስጥ ሌላ ትንሽ ሞላ አለ። ከገበያ የሚገዛው ብዙ ጊዜ አንድ ሞላ ብቻ ነው ያለው። ባዶ ሲነዱት ለስላሳ ነው፣ ያስደስታል። ጆንያው ሲጫን ግን ይሰምጣል። «አዲሱ ከኦርጅናሉ ይመቻል» የሚል ሰው ስሰማ ወሩን እቆጥርለታለሁ።

ቀጥሎ አቧራ አለ። ዘንጉ በክሮም የተለበጠ፣ እንደ መስታወት የለሰለሰ ነው፤ መሆንም አለበት። የጠጠር መንገድ አቧራ የዘይቱ ላብ ላይ ይለጠፋል፣ አሞርዛተሩ በወጣና በገባ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ከጎማው ተነስቶ የሚወረወር ጠጠር ደግሞ ክሮሙን ይወጋዋል። ጥፍራችሁን በዘንጉ ላይ ከላይ ወደ ታች ጎትቱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም የዝገት ነቁጥ ካለ፣ ምንም ዓይነት ኦይል ሲል ቢገባበት ተቆርጦ ያልቃል። ከአሮጌ የጎማ ከለማዳሪ የተቆረጠ መከለያ ፓራፋንጎው ጫፍ ላይ ማሰር ብዙ ጠጠር ያስቀራል። ያምራል አልልም።

እጥበቱም አለ። ሞተር ወንዝ አውርዶ አሸዋ በያዘ ጨርቅ ዘንጉን መፈግፈግ በገዛ እጅ ጭረት መሥራት ነው። የመኪና ማጠቢያውን የግፊት ውሃ ኦይል ሲሉ ላይ በቅርብ ማነጣጠርም እንደዚያው፤ ውሃና አሸዋ ወደ ውስጥ ይገባል።

የዕቃው ጥፋት የሆነበት ጊዜም አለ። ሁለተኛው ጥንዴ ጎኑ ላይ ቀይ ጣሳ የያዘ፣ ሲያዩት የውድድር ሞተር የሚመስል ነበር። ሻጩ «ባለ ጋዝ ነው» አለኝ፣ ከዘይቱ ሌላ የታመቀ ጋዝ አለበት ማለቱ ነው፤ አመንኩት። ሲፈስ ጣሳውን የያዙትን ሁለት ትንንሽ ቡሎኖች ፈታሁ። እጄ ላይ ወደቀ። ከአሞርዛተሩ ጋር የሚያገናኘው ቀዳዳ የለም፣ ውስጡ ባዶ፣ ክብደቱ እንደ ቲማቲም ጣሳ። ለጌጥ ነው የተለጠፈው። እንደ አፓቺ ያለ ሞተር ከፋብሪካው እውነተኛ ባለ ጋዝ ይዞ ይመጣል። ቀይ ጣሳ ያለው ሁሉ ግን ባለ ጋዝ አይደለም።

ማሠራት ይቻላል ወይስ መጣል ነው?

አንገቱን እዩ። ዘንጉ የሚገባበት አፍ እንደ ቡሎን ጥርስ ኖሮት እየዞረ የሚፈታ ክዳን ወይም በውስጥ ቀለበት የተያዘ ከሆነ እንዲከፈት ተብሎ የተሠራ ነው። ዘንጉ ካልተጫረ ኦይል ሲልና ዘይት ተቀይሮለት ይነሳል። የብረቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ የታሸገ ከሆነ ግን እንዲከፈት አልተሠራም። እኛ አገር በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው እንዲህ ያለው ነው።

ቶርኖ ቤት ወስደው አስቆርጠው፣ ኦይል ሲል ቀይረው፣ በብየዳ የሚዘጉ አሉ። ሙያውን አደንቃለሁ፣ ሥራውን አልመክርም። ብየዳው ቱቦውን ያጣምመዋል፣ ፒስተኑ ውስጥ ይነክሳል፣ በሳምንቱ ያው ነው። ባለ ጋዝ ከሆነማ ጭራሽ አትንኩት። ውስጡ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጅን አለ። መብሳት፣ መቁረጥ ወይም እሳት ማስነካት ሰው ይገድላል። ይህ ማጋነን አይደለም።

ትንሽ የሞተር ዘይት ብጨምርበትስ?

የሞተር ዘይት ይወፍራል። ደሴ ብርድ ላይ ጠዋት እንደ ዱላ ይደርቃል፣ ከሚሴ ሙቀት ውስጥ ስትገቡ ሌላ ባሕርይ ያመጣል። የሚከፈት አሞርዛተር ከሆነ ለአሞርዛተር የተሠራ ቀጭን ዘይት ነው የሚገባው። ባለ 5 ወይም ባለ 10 ቁጥር ነው፣ ሞተሩ ምን እንደሚል የአምራቹን መጽሐፍ ማየት ነው። አፉ ድረስ አይሞላም፤ ዘንጉ ሲገባ ቦታ ይፈልጋል። ሞልታችሁ ከዘጋችሁት ኦይል ሲሉን ራሳችሁ ገፍታችሁ ታስወጡታላችሁ።

የፍሬን ዘይትን በጭራሽ። የአሞርዛተር ኦይል ሲል ለእሱ አልተሠራም፣ አብጦ ይበላሻል።

አንዱን ብቻ ብቀይርስ? ሁለተኛው እኮ ደህና ነው

አይ። አንዱ እየገላገለ ሌላው እየነጠረ ከሄደ ጎማውን የያዘው ክንድ ይጣመማል፣ ኩርባ ላይ ሞተሩ ይወዛወዛል። በጥንድ ነው። ደህናውን ለክፉ ቀን አስቀምጡት።

ልገዛ ስሄድ ምን ልይ?

አሮጌውን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። «የቦክሰር ስጠኝ»፣ «የሃዩጁ ስጠኝ» አይበቃም። አንዱ ሞዴል ከሌላው ይለያል። ሜትር ያዙና ከላይኛው ቡሎን ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሃል ለኩ። ብዙው ከ320 እስከ 340 ሚሊ ሜትር መካከል ይወድቃል። እኔ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ያለውን አልቀበልም። ከረዘመ የጎን መቆሚያው አጭር ሆኖ ሞተሩ ይተኛል፣ መሪውም ይቅለበለባል። ካጠረ ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል፣ አሞርዛተሩም ቶሎ መጨረሻው ላይ ይደርሳል። የቡሎኑን ውፍረትም አስተያዩ። ባለ 10 እና ባለ 12 ሚሊ ሜትር አሉ። ባለ 12 ቀዳዳን በባለ 10 ቡሎን ላይ ከሮንዴላ ጋር አስማምተው የሚገጥሙ አሉ፣ በወሩ ይንጓጓል።

ከዚያ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ፦

ሁለቱንም ቀጥ አድርጋችሁ መሬት ላይ አቁሟቸውና በእኩል ጉልበት ተጫኑ። አወጣጣቸው እኩል መሆን አለበት። አንዱ ከሌላው ከፈጠነ ያ ጥንድ ጥንድ አይደለም። አንገቱን በሶፍት ጥረጉ፣ ካርቶኑንም ውስጡን እዩ። ካርቶኑ ዘይት ከጠጣ ሱቅ ውስጥ ሆኖ ነው ማፍሰስ የጀመረው። የሞላውን ውፍረት ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። ቀለሙን እርሱት።

በግሌ ሁለት አማራጭ ቢሰጠኝ፣ ከሚያብረቀርቀው አዲስ ይልቅ ከተገጨ ሞተር ላይ የወረደ፣ ዘንጉ ንጹሕ የሆነ ያገለገለ ኦርጅናል እወስዳለሁ። አሁን የምነዳበት ሦስተኛው ጥንድ እንደዚያ የተገኘ ነው። ሻጩ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ራሴ መቀየር እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ከሻይ ሰዓት አያልፍም። ሞተሩን በዋናው መቆሚያ አቁሙት። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንዳትፈቱ፤ ክንዱ ወደ ታች ይወድቃል፣ መልሶ ማንሳት ጣጣ ነው። አንዱን ፍቱ፣ አዲሱን ግጠሙ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂዱ። አንዳንዱ ሞተር ላይ ማርሚታውን ትንሽ ማላላት ሊያስፈልግ ይችላል።

ጎሚኒዎቹ፣ ማለትም የቡሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ያሉት ጎማዎች፣ ላይ ትንሽ የሳሙና ውሃ አድርጉ፣ ይገባሉ። ግራሶ ጎማውን ስለሚያበላሽ አይሁን። ዳዶዎቹን በእጅ አስይዙ፣ ሞተሩን ከመቆሚያ አውርዱ፣ ተቀመጡበት፣ ከዚያ አጥብቁ። አየር ላይ እያለ ካጠበቃችሁት ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል። ዘንጉን በፒንሳ እንዳትይዙት። አንድ ወዳጄ ዘንጉ ዞረብኝ ብሎ በፒንሳ ጨብጦ ያዘው። ከሐይቅ ሳይመለስ አፈሰሰ። የፒንሳው ጥርስ ክሮሙ ላይ በደንብ ይታይ ነበር።

መጀመሪያዎቹን 50 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ዳዶዎቹን ደግማችሁ ፈትሹ።

ሞላውን ከታች ባለው ማስተካከያ ባጠብቀው ማፍሰሱ ይቆማል?

አይቆምም። ያ ባለ ደረጃ ቀለበት፣ ብዙ ጊዜ ባለ አምስት ደረጃ፣ ሞላውን ብቻ ነው የሚያጠብቀው። ዘይቱን አያውቀውም። ግን ሳይፈስ በፊት ይጠቅማል። ሰው የምታፈናጥጡ ከሆነ ሁለቱንም እኩል አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ከፍ ማድረግ «ጓ» የሚለውን ያስቀራል። ብቻችሁን ስትሆኑ መልሱት፣ አለዚያ የደሴ ኮብልስቶን ወገባችሁን ይጨርሰዋል። ግራና ቀኝ የተለያየ ደረጃ ላይ ያደረገ ሰው አይቻለሁ። ኋላ ነው «ሞተሬ ወደ ግራ ይጎትታል» ብሎ መሪውን ያስፈታው።

መንገድ ላይ ቢፈስብኝ ምን ላድርግ?

ቁሙ። የጎማውንና የፍሬኑን አካባቢ ጥረጉ። አፈር ለዘይት ጥሩ ነው፤ ደረቅ አፈር በጎማው ጎን ላይ አሹበትና አራግፉት። የታችኛው ቡሎን ላይ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ጫፉ ግን እንዳይንጠለጠል። ካቴና የያዘው ጨርቅ ከዘይቱ የባሰ ነው። ተፈናጣጩ ይውረድ፣ ጭነቱ በሌላ ይሂድ። ከ30 ወይም 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፉ። ቁልቁለቱን በማርሽ ያዙት።

ሻጩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ካለኝስ?

ይላል። ደረሰኙ ግርጌም ታትሞ ታገኙታላችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ለዚህ ደረሰኝ ያስፈልጋል፣ ቶሎ መሄድም ያስፈልጋል። እኔ ቀይ ጣሳውን ይዤ የሄድኩት በሦስተኛው ወር፣ ያለ ደረሰኝ ነበር። ሻጩ ቡና ጋበዘኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ገንዘቤን ግን አልመለሰም። እናንተ ከገዛችሁ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት የሶፍቱን ፈተና ሥሩ። ሶፍቱን በስልክ ፎቶ አንሱት።

የፊቱስ ቢፈስ?

የፊቱ ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲከፈት ተብሎ የተሠራ ነው፣ ኦይል ሲሉ ለብቻው ይሸጣል፣ ደህና ጋራዥ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ስለ ዘንጉ ጭረት ያልኩት ግን ለፊቱም ይሠራል።

አሮጌውን ምን ላድርገው?

የሚያፈሰውን ዘይት በጠርሙስ አጠራቅማችሁ ዘይት ለሚቀይር ጋራዥ ስጡ፣ ቦይ ውስጥ አትድፉት። ባለ ጋዝ ከሆነ ልጆች እጅ እንዳይገባ፣ እሳት ውስጥም እንዳይጣል። ሞላው ለብረት ሠራተኛ ይሆናል። የእኔን አንዱን ዘንግ እናቴ አይታው ለቡና ዘነዘና ይሁነኝ ብላ ወሰደችው። ሦስት ቀን በሳሙና አጠበችው። በአራተኛው ቀን «ቡናው ሞተር ሞተር ይላል» ብላ መለሰችልኝ።